ጠማማ ነው ያልሽው ሥዕል

ለእህቴ ለዮሃና፣ ተናድጄም ቢሆን ለምወድሽ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እየተነሳ ያስቸግርሻል? ሔኖክስ እንዴት ነው? ሥራውስ? ሩቲዬ ደግሞ አድጋ ትከሻሽ ላይ ደርሳለች አሉ፤ እውነት ነው? ጓደኛሽ ጃለኔ እንዳጫወተችኝ ኦስሎ በዚህ ወር አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። እንዴት ትችሉታላችሁ? እግዚአብሔር በያላችሁበት ይጠብቃችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ፣ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። እማዬም ዛሬ ደህና ናት። ዛሬ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

በዚህ ዘመን ደግሞ ደብዳቤ ምንድነው ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ስልክ ስደውልልሽ ሁለት ቃል ሳልናገር «ኢያቄሜ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ» ትይኛለሽ፤ በኋላሽ ደግሞ አይመጣም። የድምፅ መልእክት ስልክልሽ አፍጥነሽ ነው የምትሰሚው አሉ። ሩቲ ናት የነገረችኝ፣ በእናትሽ እንዳትቆጫት። ደግሞ ሌላም ምክንያት አለኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሥዕል አለ፤ በማስመሪያ የሚለካ ሥዕል ነው። ስልክ ላይ በሁለት ጣት ሲጎትቱት የሚተልቅ፣ ሲለቁት የሚያንስ ነገር አይለካም። ስለዚህ በወረቀት ሠርቼ፣ ሳላጥፈው ጠቅልዬ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው አደራ ብዬ ለጃለኔ ሰጥቻታለሁ። ለገና መጥታ የወላጆቿን ቤት ሞልታው ሰነበተች፤ ነገ ትመለሳለች።

ባለፈው ሳምንት በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ የላክሽውን ሰምቻለሁ። ያልሰማ የለም። «ለእናቴ ከገዛሁላት ቤት በቅናት አውጥቶ ኪራይ ቤት ውስጥ ከተታት» አልሽ። በቅናት! አጎታችን ጋሽ ኃይለገብርኤል በነጋታው ስታዲየም አጠገብ ካለው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ቁጭ አድርገውኝ፣ እህትህ በሰው አገር ለፍታ ያመጣችውን ለምን ታጣጥልባታለህ ብለው መከሩኝ። በዚያ ጉልበታቸው ደረጃውን ወጥተው የመጡ ሽማግሌ ፊት ምን ልበል? አንገቴን ደፍቼ ሰማኋቸው። ደሜ ግን ፈልቶ ነበር፤ አሁንም አልቀዘቀዘም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና አንብበሽ ስትጨርሺ ግሩፑ ላይ የፈለግሽውን በይ።

የካዛንቺሱ ቤታችን ሲፈርስ እማዬ አላለቀሰችም። ሰፈሩን አሁን ብታይው አታውቂውም፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ተደርድሯል፣ ማታ ማታ ሰው ፎቶ ሊነሳበት ይመጣል። እኔ እዚያ ሳልፍ የግቢያችን በር የቱ ጋ እንደነበር እንኳ መለየት አልችልም። እማዬን ያስለቀሳት ኡራኤል እንዳይርቃት መስጋቷ ነው። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያችን ባለ አራት እግር ብረት፣ ዎከሯን፣ እየገፋች ነው የምትሳለመው፤ ታክሲ ላይ መውጣት አትችልም። እና አንቺ እዚያው አቅራቢያ አዲስ ፎቅ ላይ ቤት ገዛሁ ስትይ እልል አልን። እኔም እልል ብያለሁ። እናቴን ከሰፈሯ አላርቅም ብለሽ ማድረግሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ያን ምስጋና ዛሬም አልነጥቅሽም። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

ፕላኑን ላክሽልኝ። አንተ ዲዛይነር አይደለህ፣ የእማዬን ዕቃ የት የት እናድርግ ብለሽ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ቢሯችን የካፌና የሱቅ ሥራ ሲመጣለት እንደማደርገው አድርጌ አክሶኖሜትሪክ ሠራሁልሽ። ምን እንደሆነ ያኔም ልነግርሽ ስጀምር «በቃ በቃ፣ ገባኝ» አልሽኝ፤ አልገባሽም። አሁን ማቋረጥ አትችይም፣ ስሚኝ። ፕላኑን፣ ማለት ያን የወለሉን ሥዕል፣ ምንም ሳልነካካው ወረቀቱ ላይ ወደ ጎን አዞረዋለሁ። ከዚያ ከየግድግዳው ጥግ ቀጥ ያለ መስመር በዚያው ልክ ወደ ላይ አነሳለሁ። ጣሪያውን እንደ ሞሰብ ክዳን አንስተሽ ቤቱን ከላይ እንደማየት ነው፤ አልጋው፣ በሩ፣ ቁምሳጥኑ፣ ሁሉም በየቦታው። ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች እስከ መጨረሻው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እየራቁ ሲሄዱ አይጠጋጉም። የራቀው ግድግዳ ከቀረበው አያንስም። ዓይናችን እንደዚያ አያይምና መጀመሪያ ሲያዩት ግር ይላል፣ አውቃለሁ። ግን ወለሉ ላይም ሆነ ቁመቱ ላይ ማስመሪያ ብታሳርፊበት እውነቱን ይነግርሻል።

ለእማዬ ወሰድኩላት። ያን ጊዜ ጋሽ ኃይለገብርኤል ቤት ነበር የተጠጋችው። ባዶ ፕላን ቢያሳዩአት አይገባትም፤ ይሄንን ግን መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን በሩ ላይ አሳርፋ ገባችበት። በጣቷ ኮሪደሩን ሄደች፣ ሳሎኑን ዞረች፣ መስኮት ጋ ቆማ በየት በኩል ፀሐይ እንደሚገባ ጠየቀችኝ። ትልቁ መኝታ ቤት ስትደርስ ጣቷን አነሳች። አልጋዋን እዚያ ነበር የሳልኩላት፤ ያን አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሠርጋቸው ያሠራውን የዋንዛ አልጋ። ክፍሉ የራሱ ሽንት ቤት አለው፣ ከአልጋዋ ብትነሳ አጠገቧ ነው። ወለሉ ላይ በኮምፓስ አንድ ክብ አድርጌላታለሁ፤ ዎከሯን ይዛ ለመዞር የሚበቃት ቦታ ያ ነው። በዚህ ዓይነት ሥዕል ወለል ላይ ያለ ክብ ክብ እንደሆነ ይቀራል፣ አይጨፈለቅም። ክቡ ምንም ሳይነካ ተንደላቆ ተቀምጧል።

እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይሄማ የዮሃና ነው፣ አጥፋው» አለችኝ። ኧረ እማዬ፣ ዮሃና እኮ ኦስሎ ነው የምትኖረው አልኳት። «ስትመጣስ? ያን ሁሉ መንገድ ደክማ መጥታ ትንሿ ክፍል ልትታጎር ነው?» አለች። ተከራከርኳት፣ ተቆጣች፤ ላጲሱን ነጥቃኝ ራሷ ልታጠፋው ምንም አልቀራት። አጠፋሁት። አልጋዋን ወደ ትንሿ ክፍል አዛወርኩት። እዚያ ክቡ አልገባም፤ አንዱ ጎኑ አልጋው ላይ ወጣ፣ አንዱ ቁምሳጥኑ ውስጥ ገባ። ፎቶ አንስቼ የላክሁልሽ ይሄንን ነው። ከሥሩም ጽፌልሻለሁ፤ ክቡን እይው፣ እባክሽ ትልቁን ክፍል ውሰጂ በያት፣ ካንቺ አፍ ካልሆነ እኔን አትሰማኝም ብዬ።

መልስሽ ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ። «ሥዕልህ ጠማማ ነው፣ ካርቶን ይመስላል። ሩቁም ቅርቡም እንዴት እኩል ይሆናል? ክፍሉን ደግሞ ራሷ ከመረጠች ምን አስጨነቀህ?» ከጎኑ የሚስቅ ፊት። ያ የሚስቅ ፊት እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ባምቢስ አካባቢ ባለ አንድ የዲዛይን ቢሮ ስሪዲ የሚሉትን የኮምፒውተር ሥዕል አሠራሽ። ያምራል፣ አልዋሽም። መስኮቱ ላይ ብርሃን፣ ምንጣፉ ላይ ጥላ፣ የእማዬ ትንሿ ክፍል የሆቴል አዳራሽ አክላ! እንደ እኔ ሥራው ለሆነ ሰው ግን እንዴት እንዳደረጉት ግልጽ ነው። ካሜራውን ግድግዳ አስጥሰው ወደ ውጭ አወጡት፣ ከዚያ ሌንሱን ለጠጡት። እንዲያ ሲደረግ የቀረበው ይተልቃል፣ የራቀው ያንሳል፣ ክፍሉም ጭልጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። በዚያ ላይ ማስመሪያ ቢያሳርፉበት ምንም አይናገርም። ቤት ለመሸጥ ደህና ነው፤ አሮጊት የት ጋ እንደምትዞር ግን አይነግርሽም። አልጋው ላይ ደግሞ ፀጉሯ ወርቅማ የሆነች አንዲት ቀጭን ሴት መጽሐፍ ይዛ ተጋድማለች። እማዬ አየቻት አየቻትና «ይቺ ደግሞ ማን ናት? ከእኔ ጋር ልትኖር ነው?» አለች። ያኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አሁን ሳስበው አያስቀኝም።

ግንቦት ላይ ለሁለት ሳምንት ስትመጪ እማዬ ገና አልገባችም ነበር፤ ያየሽው ባዶውን ቤት ነው፣ ባዶ ክፍል ደግሞ ሁልጊዜ ሰፊ ነው። ትልቁ ክፍል ውስጥ አደርሽ፣ ልብስሽን ሰቀልሽ፣ አቧራ እንዳይገባ ብለሽ ቆለፍሽው። ቁልፉ ከቦርሳሽ ጋር ኦስሎ ገባ።

ሰኔ ላይ እማዬ ገባች። የዋንዛው አልጋ ሊፍት አልበቃው ብሎ በደረጃ ወጣ። በድሮ አሠራር በሽብልቅ የተያዘ ስለሆነ አይፈታም። ከኮሪደሩ ወደ ትንሿ ክፍል ሊያዞሩት ሲሉ ተቀረቀረ፣ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። ዲዛይኑን የሠሩት ሰዎች ጋ ተደወለ፤ አንዱ መጥቶ አይቶ፣ ይሄ ድሮም ከክፍሉ ጋር አይሄድም፣ አዲስ አልጋ ታዟል አለ። በመጋዝ ከመሐል ቆረጡት። ከሥራ አስፈቅጄ ስደርስ አልቆ ነበር። እማዬ ዎከሯን ተደግፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፣ የመጋዙ ብናኝ ነጠላዋ ላይ አርፏል። «ምን ይደረግ፣ አሮጌ ነበር» ብቻ አለች። ለአንቺ ደግሞ ማታውን በስልክ አዲሱ አልጋ እንዴት እንደሚመች ስታወራልሽ ሰማኋት።

አዲሱ አልጋ ስሪዲው ላይ እንዳለው ሰፊ ነው፤ ክፍሉ ግን ስሪዲው ላይ እንዳለው አይደለም። በአልጋውና በቁምሳጥኑ መሐል ዎከሯ አያልፍም። ስለዚህ በር ላይ ታቆመውና ግድግዳ እየዳበሰች አልጋዋ ላይ ትደርሳለች። በትንሽ አልጋ እንለውጠው ብዬሽ ነበር፤ ዲዛይኑን አታበላሽብኝ አልሽ። ቢለወጥም ክቡ ቁምሳጥኑን ይነካል፣ ግን ከምንም ይሻል ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ጀማነሽ ናት፣ እማዬን ለመጦር አብራት የገባችው የአክስታችን ልጅ። እማዬ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ትታ ኖሯል። ሻይም፣ አጥሚትም፣ ምንም። ጀማነሽ መጀመሪያ ጾም መስሏት ነበር፤ ጾሙ ሲፈታም ያው ሆነ። በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ሌሊት ሽንቷ ቢመጣ ግድግዳውን እየዳበሰች መውጣት፣ ኮሪደሩን ማለፍ፣ ሳሎኑን ማቋረጥ አለባት፤ ሌላው ሽንት ቤት እዚያ ማዶ ነው። ለምን አትቀሰቅሺኝም ብትላት፣ ቀኑን ሙሉ ስትለፊ ውለሽ እንዴት ብዬ ብላ መለሰችላት። እናታችን፣ ዮሃና፣ በልጇ ቤት ውስጥ ሽንቷን ፈርታ ውሃ ጾመች። ጭንቅላቷን የምታስደግፍበት ግድግዳ ማዶ ደግሞ አንድም ሰው የማይገባበት ሽንት ቤት ተቆልፎ ተቀምጧል። ወይ ነዶ!

ኅዳር ላይ ትኩሳት ጣላት። ሐኪሙ ኩላሊቷን ነክቷታል አለን። ምነው እናቴ ውሃ አይጠጡም እንዴ ብሎ ሲጠይቃት እኔን ሰረቅ አድርጋ አየችኝና «አይጠማኝም» አለችው። የተኛችበት ሆስፒታል ሲያስወጣት ወደዚያ ቤት አልመለስኳትም። ቅናት ያልሽው ይሄ ነው።

የእኔን ኪራይ ቤት ታውቂዋለሽ፣ ቂርቆስ፣ አንድ ክፍል፣ ምድር ላይ። ሽንት ቤቱ ከበሩ ጎን ነው። የተቆረጠውን አልጋ አናጢው ጃዋር በብረት አገናኝቶ አቆመልኝ፤ ስትገላበጥ ሲጢጥ ይላል እንጂ ይዟል። እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ፣ ጀማነሽ ቀን ቀን እየመጣች ትውልላታለች። እማዬ ውሃ ትጠጣለች፣ ፊቷም ተመልሷል። ግን ይሄ የእሷ ኑሮ አይደለም። ማኅበርተኞቿ፣ የምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ኡራኤል ናቸው። እዚህ ደጁ ላይ ወንበር አውጥቼላት ትቀመጣለች፣ የሚያልፈውን ታያለች፣ የምትጠራው ሰው የላትም። ወደ ቤቷ መመለስ አለባት፤ ወደ ትልቁ ክፍል።

ቁልፍ ላኪ አልልሽም። ጃዋር ያንን በር ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይከፍተዋል፣ ጠይቄዋለሁ። የማትገባው እማዬ ናት። ዮሃና መጥታ ክፍሏ ተይዞ ብታገኘው በእናቷ ቤት ቦታ የላትም ማለት አይደለም ወይ ትለኛለች። ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ አልሻት፣ ቀረሽ። ለገና አልሻት፤ ከእኔ ዘንድ ሆና ጀማነሽን ልካ የተቆለፈውን በር ከውጭ አስወልውላ ጠበቀችሽ። ቀረሽ። አሁን ደግሞ ለፋሲካ ብለሻታል። ጃለኔን ጠየቅኋት፤ ውሸት አይሆንላትም፣ የዓመት ፈቃድሽን ከሔኖክና ከሩቲ ጋር ለስፔን እንደያዝሽው ነገረችኝ። ሂጂ፣ እረፊ፣ ማንም አይከለክልሽም። የምናደደው ስፔን ስለምትሄጂ አይደለም። እመጣለሁ ስለምትያት ነው። በዚያች አንድ ቃል ነው ሴትዮዋ ክፍሉን የምትጠብቅልሽ።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን አድርጊ። ወይ ነይና በሩን በገዛ እጅሽ ከፍተሽ እማዬን እዚያ አስተኛት። ወይ ዛሬውኑ ደውለሽ «እማዬ፣ ዘንድሮ አልመጣም፣ ክፍሉ ያንቺ ነው» በያት። አልመጣም የሚለውን ካንቺ አፍ ትስማው። ታለቅሳለች፣ አውቃለሁ። ታልቅስ፣ ከዚያ ውሃዋን ትጠጣ።

ጥቅሉን ስትፈቺ ቤቱን ሁለት ጊዜ ስዬው ታገኛለሽ፤ በግራ አሁን እንዳለው፣ በቀኝ እማዬ ትልቁ ክፍል ውስጥ ስትሆን። ክቡን በቀይ አድርጌዋለሁ። አንድ ሴንቲሜትር ግማሽ ሜትር ነው። እኔን ካላመንሽኝ ለሩቲ ማስመሪያዋን ስጫት፣ በአልጋውና በቁምሳጥኑ መሐል ያለውን ትለካልሽ፣ ከዚያ ጥጉ ላይ የሳልኩትን ዎከር ትለካው። ሩቁም ቅርቡም እኩል ነው ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኩል ነው! ከኦስሎ ሆነሽ ስታይን እኛ አንሰንብሽ ይሆናል። እኔ ግን አንቺንም አላሳነስኩሽም፤ ክፍልሽ በልኩ ነው፣ ሻንጣሽ እንኳ አልቀረም።

ለሔኖክ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለእማዬ መድኃኒት ስለላከላት አመስግኛለሁ፣ ደርሷል። ሩቲዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ሥዕል ትወዳለች ስላልሽኝ አንድ ስኳድራ፣ ያን ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያ፣ በጥቅሉ ውስጥ አድርጌላታለሁ፣ መስመር እንዴት እንደሚሰመርበት በስልክ አሳያታለሁ። ጀማነሽ በጣም ናፍቃሻለች፣ ሰላም በልልኝ ብላለች። ጋሽ ኃይለገብርኤልም ይህን ሁሉ ሳይሰሙ ሰላም ብለውሻል፤ ከፈለግሽ አንቺው ንገሪያቸው። እማዬ ይሄንን ስጽፍ አልጋዋ ላይ ሆና እያየችኝ ነው። ለማን እንደምጽፍ ስነግራት ተቃና ተቀመጠች። ምን ልበልልሽ አልኳት። እንዲህ አለች፤ «ክፍሏ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም በላት።»

ወንድምሽ ኢያቄም
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.